ሽንዲ ደርሳ ከተመለሰች

በሕይወቴ ሳላስብ የተናገርኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ በሠርጌ ቀን ነው፤ እሱን እንተወው። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ነው፤ በሱ ምክንያት ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጫለሁ። ሦስተኛውን የተናገርኩት ግን ቡሬ፣ በእህቴ ግቢ፣ አንዲት ቮልስ ፊት ቆሜ ነው። የማወጋችሁም ስለሱ ነው።

እኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ቡሬ ናት። ባሏ አዱኛ የሂሳብ መምህር ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ታሞ ዐረፈ። ትቶላት የሄደው አንዲት ልጅና አንዲት ቮልስ ነው። ልጅቱ ቃልኪዳን ትባላለች፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቮልሷ ዕድሜዋን አትናገርም፤ ሲገመት ግን ለቃልኪዳን አያት ትሆናለች። ከአዱኛ ሞት ወዲህ ግቢው ጥግ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሰማያዊ ቀለሟ እየተቀረፈ፣ ሦስት ዶሮዎች በኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለጥየቃ ስሄድ አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛው ቆራሌው ግቢ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። እህቴ መቀነቷን አጥብቃ ትከራከረዋለች። ቃልኪዳን ቮልሷ ውስጥ ገብታ፣ በሮቹን ከውስጥ ቆልፋ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንዲት ዶሮ ተቀምጣለች። ሁለቱም ወደፊት ያያሉ።

«ውጪ!» ትላለች እህቴ።

«አልወጣም!»

«ሰውየውን አታስቁሚው፣ ሥራ አለው!»

«እንግዲያው ከነ እኔ ይመዝናት!»

ቆራሌው ጨዋ ሰው ነበር። «እናቴ፣ እኔ ከነልጅ አልገዛም» አለና ሚዛኑን ትከሻው ላይ መለሰ።

እኔ በዘመድ መካከል አስታራቂ ነው የምባለው። አስታርቄ የተስማማልኝ ሰው ባላስታውስም ስሙ አለኝ። ስለዚህ መሀል ገባሁና፣ «እታለም፣ ለምን ትሸጫታለሽ? እኔና ቃል ሠርተን እናስነሣት የለ!» አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር እንደሚሞቅ ነው። እህቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«አምፖል ሲቃጠልብህ ጎረቤት የምትጠራው?»

እህቴም ፈረደች። «ይሁን። እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጠኋችሁ። ሽንዲ ደርሳ ከተመለሰች አልሸጣትም። ካልደረሰች ግን፣ ወንድምዓለም፣ እየገፋህ ቆራሌው ቤት የምታደርሳት አንተው ራስህ ነህ።»

ሽንዲን የመረጠችው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። የአዱኛ አገር ነው። እናቱ እማሆይ ጥሩነሽ ዛሬም እዚያው ናቸው። መንገዱ ደግሞ ጠጠር ነው፤ ዳገቱን ቮልስ ቀርቶ በቅሎም ታስብበታለች።

የቮልሷ መስኮት ወረደ። ቃልኪዳን አንገቷን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እውነት ይችላሉ?» አለችኝ። «መኪና ምን ይከብዳል?» አልኳት። ይህን አራተኛ ብዬ አልቆጥረውም፤ ይህን አስቤበት ነው የዋሸሁት።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ልጅቱ ጊዜ ነበራት። እኔም ቅዳሜና እሁድ ነበረኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዶሮዎቹን በማስወጣት አለቀ። ወጥተው ይመለሳሉ፤ አንዷማ ወረቀት ማስቀመጫው ውስጥ ታቅፋ ስለነበር እስክትፈለፍል ጠበቅናት። በሁለተኛው ቅዳሜ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ የቮልሷን ውሃ መሙያ ፍለጋ ጀመርኩ። ከፊት ፈለግሁ፤ ከኋላ ፈለግሁ፤ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። እኩለ ቀን ሆነ።

«ጋሼ» አለችኝ ቃልኪዳን፣ ካንዴላ እየፈታች፤ «ቮልስ እኮ ውሃ አይጠጣም።»

«ምንም?»

«ምንም። በነፋስ ነው የሚቀዘቅዝ።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ሰዓት ስፈልግ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎዎት ስለነበር» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥልጣን ወደሷ ዞረ። እሷ ትፈታለች፤ እኔ እይዛለሁ። መምህሯ ስልኳ ውስጥ ያለ አንድ ጢማም ሰውዬ ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚናገር እሱና አምላኩ ያውቃሉ። «ምን አለ?» እላታለሁ። «እኔ እጁን እንጂ አፉን አላየውም» ትለኛለች። ትምህርት እንዲህ ከሆነ ለካ ቀላል ነው፤ እኛን ሲያስተምሩን አፋቸውን እንጂ እጃቸውን አይተን አናውቅም።

እኔም ባዶ እጄን አልተቀመጥኩም። ሙያዬ መዝገብ ነውና የተፈታውን ሁሉ መዘገብኩ። እያንዳንዱ ብሎን ቁጥር ወጣለት፤ በየወገኑ ተለይቶ በየፌስታሉ ታሰረ። ቃልኪዳን መጀመሪያ ሳቀችብኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር ሲጠፋባት «ጋሼ፣ ግራ ታች ዐሥራ አራት» ትላለች፤ እኔም ቆጥሬ አቀብላለሁ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ ያቀበልኩት ፋይል በእውነት ለአንድ ነገር ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁሉንም አጽድተን ብንገጥማትም አልነሣ አለች። ያኔ ባለሙያ ጠራን። የመጡት መሪጌታ እንዳላማው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የኖሩ፣ በኋላ ወፍጮና መኪና ወደ መጠገን የዞሩ ሽማግሌ። እጃቸው ተባርኳል። ችግሩ ነገር በቀጥታ አይናገሩም። ሞተሯን በጆሯቸው አዳመጡ፤ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞተች ያላችኋት ተኝታ ነው» አሉ። «ልቧ ደኅና ነው። የጠናባት ጉሮሮዋ ነው።»

ይህን ብለው ጃኬታቸውን ደርበው ሄዱ። እኔ ቃላቸውን በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ሰሙ ይኸ ከሆነ ወርቁ ምንድን ነው እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ ተገለጠልኝ፤ ጉሮሮ ማለት የጭስ ማውጫው ነው! ቅዳሜ ረጅም ዘንግ ፈልጌ የጭስ ማውጫዋን ጠረግኩ። የሦስት ዓመት ጥቀርሻ ፊቴ ላይ ወረደ። እህቴ በመስኮት አይታ ቀስ ብላ መጋረጃውን ዘጋች።

መሪጌታ ሲመለሱ እንደዚያው እንዳለሁ አገኙኝ። «ምነው ልጄ፣ ካርቡራተሩን ማለቴ እኮ ነው። አፍንጫው ተደፍኗል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ካርቡራተር ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ካርቡራተር ብል ምኑ ቅኔ ይሆናል?» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነውልኝ።

ካርቡራተሩ ተፈታ። አፍንጫ የተባለችው የባቄላ ፍሬ የማታህል ቢጫ ብረት ናት፤ መሀሏ ላይ መርፌ የማያሳልፍ ቀዳዳ አላት። ፍኖተ ሰላም ወስጄ በጎማ ቤት የአየር መንፊያ ላስነፋት ተስማማን። ቃልኪዳን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ የዚች ሌላ የለም» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የመዝገብ ሰው ነኝ» አልኳት።

አስነፋኋት። ጠራች፤ ብርሃን ታሳያለች። ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፖስታ ውስጥ ከተትኳት፤ ቅዳሜ እንዳልረሳት በፖስታው ላይ በትልቁ «ቡሬ» ብዬ ጻፍኩና ምሳ ወጣሁ።

ተላላኪያችን ትጉህ ነው። ጠረጴዛ ላይ «ቡሬ» የሚል የታሸገ ፖስታ አየ፤ አነሣ፤ በዚያው ሰዓት ከሚሄደው የመሥሪያ ቤት መኪና ጋር ቡሬ ላለው ቢሯችን ላከው። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከኛ መዝገብ ቤት በዕለቱ የወጣ ደብዳቤ ይህ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «በላካችሁልን ፖስታ ውስጥ አንድ ቢጫ ብረት ተገኝቷል። ሸኚ ደብዳቤ ስለሌለው ዓላማውን መረዳት አልቻልንም። ናሙና ከሆነ ለምን እንደሆነ ይገለጽልን» ይላል። እኔም በስሕተት የተላከ ስለሆነ ይመለስልን ብዬ ጻፍኩ። ወደ መዝገብ ያልገባ ንብረት ወጪ ሊሆን ስለማይችል፣ በቅድሚያ በመሥሪያ ቤቱ ንብረትነት እንዲመዘገብ ሐሳብ ቀርቧል የሚል መልስ መጣ። አጻጻፉን ግን አደነቅሁ። እኔ ራሴ ብሆን ከዚህ አላሳምረውም።

ለቃልኪዳን ስልክ ደወልኩላትና አስረዳኋት። 

«ጋሼ» አለች፤ «የአባዬን መኪና ጉሮሮ ለመንግሥት ሰጡት?»

ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ። እንደዚያን ቀኑ ግን የገባኝ ስድብ የለም። ቅዳሜ ምን ፊት ይዤ እንደምሄድ እያሰብኩ ሦስተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «በአክብሮት» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ደገምኩበት።

እሷ ግን ደብዳቤ አልጠበቀችም። በማግሥቱ ጠዋት ቡሬ ወዳለው ቢሯችን ሄደች። መዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ ወጣት ተቀምጧል። «የአባቴ መኪና ዕቃ እናንተ ጋ መጥታለች» ብላ ጀመረች።

«አባትሽ ማን ናቸው?»

«መምህር አዱኛ።»

ልጁ ብድግ አለ። ለካ የአዱኛ ተማሪ ኖሯል። መሳቢያውን ከፍቶ ብረቷን አወጣ፤ በመዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አላስፈረማትም፤ አልመዘገበም። «ከሂሳብ የማውቀውን ሁሉ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አላት፤ እስከ በሩ ሸኛት። የኔ ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን ውሳኔ ይጠብቃሉ።

ቅዳሜ ብረቷ ቦታዋ ገባች። ማስነሻ ሞተሪኖዋ ስለማይሠራ ጎረቤት ተጠርቶ በግፊ ልትነሣ ሆነ። እኔ መሪ ላይ ወጣሁ፤ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝና። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ድሮ ለሥራ ይጠቅማል ተብዬ ነው፤ ከፈተናው ቀን ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ሰዉ ገፋ። ቮልሷ ሳለች፤ አጓራች፤ ነጭ ጭስ ለቀቀችና ተነሣች። አብሯት ክላክሷም ተነሣ።

መነሣቱስ ይነሣ፤ አልቆም አለ እንጂ። ብቆም ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከጠፋ ማን እንደገና ይገፋል? ስለዚህ ሰፈሩን መዞር ያዝኩ። ክላክሱ ይጮኻል፤ ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ፤ አንዲት ሴት ከአጥሯ ላይ ሆና እልልታውን አቀለጠችው። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው። በዐቢይ ጾም ቡሬ ውስጥ ሙሽራ!

የእህቴ የንስሐ አባት መቋሚያቸውን ይዘው መንገድ መሀል ወጡ። «ማን ነው በጾም የሚያገባ?»

«ማንም አያገባም አባ!» አልኩ በመስኮት፣ እያለፍኳቸው።

«ማን?»

በሁለተኛው ዙር ስመጣ፣ «ማንም አይደለም፤ ቮልሷ ናት!» አልኩ።

«ማናት?»

በሦስተኛው ዙር ቃልኪዳን እየሮጠች በሩን ከፍታ ዘላ ገባችና ከመሪው ሥር አንዲት ሽቦ በፒንሳ ቆረጠች። ጸጥታ ወረደ። አባ ግን የሰሙትን ሰምተዋል። እኔ ማታ ፍኖተ ሰላም ከመድረሴ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ቡሬ ያለችው ቮልሷ የምትባል ሴት ማን ናት?» አለችኝ። እሱን ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ እዚህ አልጽፈውም።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ወደ ሽንዲ ተነሣን። እኔ መሪ ያዝኩ፤ ቃልኪዳን ከጎኔ ሆነች። እህቴ «ለምስክርነት» ብላ፣ ለአማቷ የያዘችውን ስኳርና ሳሙና ታቅፋ፣ ዶሮዎቹ በለቀቁት የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ ወደ ቮልሷ ስትቀርብ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአስፋልቱ ወጥተን ጠጠሩን ተያያዝነው። የታረሰው ማሳ ዝናብ ይጠብቃል፤ አቧራችን ከኋላችን እንደ ጅራፍ ጭራ ይከተለናል። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ቮልሷ ታቃስታለች፤ ቃልኪዳን ዐይኗን ትጨፍናለች። እህቴ ከኋላ በየመሀሉ «ሁለት» ትላለች፤ ቆይታ ደግሞ «ሦስት»። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ጸሎት ላይ ያለች መስሎኝ አላቋረጥኳትም።

አንድ ትንሽ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን፣ እህቴ «ሁለት፣ ሁለት!» ስትል፣ እኔ አራተኛ ላይ እንዳለሁ፣ ቮልሷ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ወርጄ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወተፍኩ። ሦስት ሆነን ወደ ዳገቱ ብንገፋ አንድ ክንድ እንኳ አልሄደችም። ቃልኪዳን መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። አታለቅስም፤ ግን ጥቁር ዘይት የጠጡ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታያለች። እኔም ወደ ቆራሌው ቤት ያለውን መንገድ በልቤ አሰላሁ፤ ደግነቱ እሱ ቁልቁለት ነው።

እህቴ ከኋላ ወረደች። ነጠላዋን አጣፋች፤ ጫማዋን አውልቃ ለኔ ሰጠችኝ፤ የፊተኛውን በር ከፍታ መሪው ላይ ተቀመጠች።

ቃልኪዳን ብድግ አለች። «እማ? መንዳት ትችያለሽ እንዴ?»

«አባትሽን ማን ያስተማረው መሰለሽ?»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ዕድሜ ልኬን ወንድሟ ሆኜ የኖርኩት እኔም ከፈትኩ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ፕሮጀክት ቢሮ ጸሐፊ እንደነበረች አውቃለሁ። የቢሮው ሾፌር መንዳት እንዳስተማራት፣ አዱኛ ቮልሷን ሲገዛ መሪ መያዝ እንኳ እንደማያውቅ፣ በዚሁ በሽንዲ መንገድ እየወሰደች እንዳለማመደችው የሰማሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለች ቃልኪዳን።

«ማን ጠየቀኝ? ወር ሙሉ ብሎን ስትቆጥሩ እኔን አንድ ነገር የጠየቀኝ አለ?» አለች። ከዚያ እጇን መሪው ላይ አደረገች። «ደግሞስ እኔ ብነዳ፣ ከጎኔ ማን ሊቀመጥ ነው ብዬ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ቃልኪዳን ዞራ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች፤ በሩን ዘጋች።

እህቴ አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ወንድምዓለም፣ ድንጋዩን አንሣ።»

አነሣሁ። ቮልሷ ወደ ኋላ ቁልቁል ተንሸራተተች። እኔ ከድልድዩ ሥር ገቡ ብዬ በስመ አብ ስል፣ እህቴ የኋላ ማርሽ አስገብታ የረገጠችውን ፍሪሲዮን ለቀቀችው፤ ሞተሩ ጮኾ ተነሣ። እዚያው ማርሿን ቀየረችና ዳገቱን በሁለተኛ ይዛው መጣች። በአጠገቤ ሲያልፉ ድንጋዩን እንደታቀፍኩ፣ ጫማዋን በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ ነኝ።

«እታለም!» አልኩ።

«ዳገት ላይ ከቆምኩ አትነሣም!» የሚል ድምፅ ከአቧራው ውስጥ መጣ። ቃልኪዳን በመስኮት ወደ ኋላ ዞራ እጇን አወዛወዘችልኝ። ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ስለዚህ ብዙም አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

በሬዎቹን የሚነዳ አንድ ገበሬ ደረሰብኝ። ድንጋዩን አየ፤ የሴት ጫማውን አየ።

«ጌታው፣ ጥለውዎት ሄዱ?»

«አዎ።»

«ተጣልታችሁ ነው?»

«አይ፣ መኪናዋ ስለተነሣች ነው።»

አሰበበት። «ሲነሣ ጥሎ የሚሄድ መኪናስ ባይነሣ ይሻል ነበር» አለኝና በሬዎቹን ተከትሎ ሄደ።

ሽንዲ ስገባ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ቮልሷ ከእማሆይ ጥሩነሽ ደጅ ራቅ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ በቀስታ ትዞራለች። መሪው ላይ ያለችው ቃልኪዳን ናት። እህቴ ከጎኗ ሆና፣ «ፍሪሲዮኑን ቀስ! ቀስ ብለሽ ልቀቂ! አባትሽም እንዲሁ ነበር የሚያስደነግጣት!» እያለች ትጮኻለች። አልፈውኝ ሲዞሩ፣ «እታለም፣ የቆራሌውስ ነገር?» አልኳት። «የምን ቆራሌው?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው።

እማሆይ ጥሩነሽ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ቮልሷን እያዩ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሣ፣ ራሴ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፋቸው አራገፉልኝ።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ፀሐይ በእግርህ?»

«እንዲያው ነው እማሆይ።»

ወደ ሜዳው በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እህትህን አታያትም? ማንንም ሳትለምን መኪናዋን አስነሥታ መጣች። አንተም እኮ ወንድ ልጅ ነህ፤ ብትሞክረው አያቅትህም ነበር።»